በሩ በኢቃማ፣ ውጤቱ በቋንቋ፦ አማርኛ ተናጋሪ ልጆች በደማምና በኾበር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች

በነሐሴ ማብቂያ፣ የባሕረ ሰላጤው ወበቅ ገና ሳይለዝብ፣ የደማምና የኾበር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሮቻቸውን ይከፍታሉ። ማለዳ ቦርሳቸውን አዝለው ከየሰፈሩ ከሚወጡት ልጆች መካከል ሳዑዲዎች፣ የመናውያን፣ ሱዳናውያን፣ ግብጻውያንና ሶርያውያን ይገኛሉ። በመካከላቸው ከቤት ሲገቡ ቋንቋቸውን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጥቂት የኢትዮጵያውያን ልጆችም አሉ። ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ በክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚያውቀው እርሱ ብቻ የሆነ ተማሪ ቢገኝ አያስደንቅም።

ተማሪዎቹ ጥቂት የሆኑት በምሥራቃዊው ክፍለ ሀገር ኢትዮጵያውያን ስለሌሉ አይደለም። ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለሥራ ከሚሄዱት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በቤት ሠራተኛነት የሚቀጠሩ ሴቶች ናቸው፤ የቤት ሠራተኛ ኢቃማ ደግሞ ቤተሰብን አስመጥቶ ለማኖር አያስችልም። በጉልበት ሥራ ከተሰማሩት ወንዶችም አብዛኞቹ ቤተሰባቸውን አገር ቤት ትተው ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ልጁን ትምህርት ቤት በር ድረስ የሚሸኘው እንግዲህ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ሙያ ቤተሰብ ለማኖር የሚያበቃው፣ ለረጅም ዓመታት በአንድ ሥራ ላይ የጸና ሰው ነው። በዚያ ላይ በየጊዜው የተካሄደው ወደ አገር የመመለስ ሂደት ማኅበረሰቡን ሲያሳሳው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሕጋዊ ፈቃድ በሌላቸው ሠራተኞች ላይ በተጀመረው ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ከ100 ሺሕ በላይ ዜጎችን ለመመለስ ተስማምተዋል።

የቀሩት ቤተሰቦች ጥቂት ቢሆኑም የሚጋፈጡት ጥያቄ ቀላል አይደለም። ልጅ በስድስት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ ወላጆቹ ሳያስቡት የሚወስኑት አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። ይኸውም ልጁ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው አገር ፈተና እንደሚቀመጥ ነው።

በሩን የሚከፍተው ወረቀት

የሳዑዲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕጋዊ ነዋሪ የሆኑ የውጭ አገር ዜጎችን ልጆች ቦታ እስካለ ድረስ ይቀበላሉ። የትምህርት ክፍያ የለም፤ መጻሕፍቱም በነፃ ይታደላሉ። ልጁ ስድስት ዓመት የሞላው ወይም ለመሙላት ጥቂት የቀረው መሆን አለበት። ክትባቱን መጨረስና የጤና ምርመራ ማለፍ ይጠበቅበታል። ምዝገባው የሚፈጸመው ኑር በተባለው የትምህርት ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የወላጁና የልጁ ኢቃማ የጸና መሆን ይኖርበታል።

«ቦታ እስካለ ድረስ» የምትለው ሐረግ ቀላል ብትመስልም በተግባር ከባድ ናት። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ከሞላ ልጁ ራቅ ወዳለ ሰፈር ይመደባል፤ ራቅ ያለ ሰፈር ማለት ደግሞ ማለዳ ሥራ የሚገባ አባት የትራንስፖርት ሒሳብ ይጨምራል ማለት ነው። የኢቃማው ነገርም እንዲሁ። ዕድሳቱ የሚፈጸመው በአሠሪው በኩል ነው። አሠሪው የድርጅቱን ክፍያ ሳያጠናቅቅ ከቀረ፣ ወይም ሠራተኛው ሥራ ሊቀይር በሂደት ላይ ከሆነ፣ የልጁም መዝገብ አብሮ ይንጠለጠላል። የስድስት ዓመት ሕፃን «አሊፍ፣ ባ» ለማለት የአባቱ አሠሪ ሒሳብ እስኪጣራ ድረስ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ።

በሩ በመመሪያ የሰፋበት ጊዜም መኖሩ አይዘነጋም። እ.ኤ.አ. በ2012 በጎብኚነት ቪዛ የገቡ የሶርያና የየመን ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲማሩ በንጉሣዊ ትእዛዝ ተፈቅዶላቸዋል። ለሌሎች ዜጎች ግን መደበኛው መንገድ ኢቃማ ነው።

ኢቃማው ራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በግል ዘርፍ የሚሠራ የውጭ አገር ዜጋ በሥሩ ለሚተዳደር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ወርኃዊ ክፍያ እንዲከፍል ተደንግጓል። ክፍያው በ100 ሪያል ተጀምሮ በየዓመቱ 100 እየጨመረ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በወር 400 ሪያል ደርሷል። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት አባት እንግዲህ በዓመት 19,200 ሪያል ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 4,800 ሪያል ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ነፃ ነው፤ ልጁን በትምህርት ቤቱ አካባቢ ማኖር ግን ነፃ አይደለም። ከ2017 በኋላ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ብዙ ሠራተኞች ሚስትና ልጆቻቸውን ወደየአገራቸው መልሰው ብቻቸውን የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። መካከለኛ ደመወዝ ያለው ኢትዮጵያዊም ከዚህ ስሌት አላመለጠም። የማኅበረሰቡ የተማሪ ቁጥር ሲቀንስ ሰው ልጁን ማስተማር የጠላ ሊመስል ይችላል። መንስኤው ግን የሪያል ሒሳብ ነው።

የግል ትምህርት ቤት አማራጭ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዓመት ክፍያው ከብዙ ሠራተኞች አቅም በላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ወዲህ ደግሞ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። ለሳዑዲ ዜጎች ታክሱን መንግሥት ይሸፍናል፤ የውጭ አገር ነዋሪ ግን ራሱ ይከፍላል።

ትልልቅ ማኅበረሰቦች ለዚህ ችግር የራሳቸውን መፍትሔ ሠርተዋል። በደማም የሚገኘው ዓለም አቀፍ የህንድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የህንድን ሥርዓተ ትምህርት ሲያስተምር የቆየ ሲሆን ከ10 ሺሕ በላይ ተማሪዎችን ያስተናገደባቸው ዓመታት አሉ። ፓኪስታናውያንም በኾበር ትምህርት ቤት አላቸው። ይህን የሚያህል ተቋም የሚቆመው በብዛት ነው፤ ሺሕ ወላጅ ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ የመምህሩ ደመወዝና የሕንፃው ኪራይ ይሸፈናል። የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት ኤምባሲው ባለበት በሪያድና ቆንስላው ባለበት በጅዳ ነው። ለደማም ልጅ ከሁለቱ የሚቀርበው የሪያዱ ነው፤ እርሱም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የደማም አባት ምርጫ ስለዚህ በሰፈሩ ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤትና ልጁን አገር ቤት ለአያቶቹ ከመላክ መካከል ይሆናል።

ላልተማሩ ወላጆች ልጆች የተሠሩ ትምህርት ቤቶች

ደማምና ኾበር ራሳቸው ወጣት ከተሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከባሕሬን የተሻገሩ የደዋሲር ጎሣ ሰዎች ሲሰፍሩባቸው ዓሣና ዕንቁ የሚፈለግባቸው የባሕር ዳር መንደሮች ነበሩ። ታሪካቸው የተለወጠው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 ደማም ቁጥር 7 ከተባለው ጉድጓድ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ በተገኘ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጁና ዘላኑ የኩባንያ ሠራተኛ ሆነ። ልጁ ግን የሚማርበት ትምህርት ቤት ከሥራው ጋር እኩል አልደረሰም።

እ.ኤ.አ. 1953 ለአካባቢው የትምህርት ታሪክ ወሳኝ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የሳዑዲ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሚኒስትር በኋላ ንጉሥ የሆኑት ልዑል ፋህድ ቢን ዐብዱልዐዚዝ ነበሩ። በዚያው ዓመት መንግሥት ከዐረምኮ ጋር ባደረገው ስምምነት ኩባንያው ለሳዑዲ ሠራተኞቹ ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሊሠራና ሊጠግን ግዴታ ገባ። ደማምና ኾበር ከስምምነቱ በቀዳሚነት ከተጠቀሙት ከተሞች ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱና መምህራኑ የመንግሥት፣ ግንቡና ወጪው የኩባንያው ነበር። ሴቶች ልጆች ተራቸውን ጥቂት ዓመታት ጠብቀዋል። የሴቶች ትምህርት ጠቅላይ አስተዳደር በ1960 ሲመሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤት ለእነርሱም ተከፈተ፤ አስተዳደሩ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የተዋሐደው በ2002 ነው።

በዚያ ዘመን አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ አባቱ ማንበብ የማይችል ነበር። የቤት ሥራውን የሚያይለት፣ የመምህሩን ማስታወሻ የሚያነብለት ሰው በቤቱ አልነበረም። መምህሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከግብጽ፣ ከፍልስጥኤም ወይም ከሶርያ የመጣ እንግዳ ነበር። ዛሬ በደማም የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቀመጠው የኢትዮጵያዊ ልጅ ሁኔታ ከዚያ ትውልድ ጋር የሚመሳሰልበት ነጥብ ይህ ነው፤ እናቱ በአማርኛ ፊደል ብታነብም በዐረብኛው መጽሐፍ ፊት እንዳልተማረች ትሆናለች። ልዩነቱ ያ ልጅ የክፍሉ ሁሉ ዓይነተኛ መሆኑ፣ ይህ ግን ለብቻው መሆኑ ነው። መምህሩ ለሠላሳ ልጆች የሚያደርገውን ማብራሪያ ለአንድ ልጅ ብቻ ሲባል አያዘገየውም።

ከድምፅ ወደ ትርጉም

ወላጆች የመንግሥት ትምህርት ቤቱን የሚወዱበት የመጀመሪያው ምክንያት ቁርኣን ነው። በወሎ ገጠር አንድ ልጅ መንግሥት ትምህርት ቤት ከሄደ ቁርኣኑን ለመቅራት ማለዳ ወይም ማታ ወደ መድረሳ፣ ሎህ በተባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ወደሚጻፍበት ቤት፣ ሌላ ጉዞ ያደርጋል። በደማም ቁርኣንና የዲን ትምህርት በመደበኛው የክፍል ሰዓት ውስጥ ናቸው። ልጁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጅዊዱን አሳምሮ ሲቀራ አያት በስልክ ሰምተው ያለቅሳሉ። ለብዙ ቤተሰቦች ይህ ብቻ የዓመቱን ክፍያ ያስረሳል።

ነገር ግን በዚሁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አማርኛና ዐረብኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው፤ ቤት፣ ራስ፣ ዐይን፣ ነፍስ፣ ስም የሚሉት ቃላት ልጁ ከቤቱ ይዟቸው የሚመጣቸው ናቸው። የግእዝ ፊደል ሐንና ዐን ጠብቆ ቢያቆይም አማርኛ ድምፃቸውን ከተወው ረጅም ዘመን ሆኖታል፤ ልጁ ግን ገና ለጋ ስለሆነ ጉሮሮው በፍጥነት ይታዘዛል። ስለዚህ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል አጥርቶ ያነባል። መምህሯ ትደሰታለች፤ ወላጅም ይኮራል። ያነበበውን ምን ያህል እንደተረዳ የሚጠይቅ ግን አይኖርም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጁ የሚገመገመው በተከታታይ ምዘና በመሆኑ ክፍተቱ ቶሎ አይታይም።

የሚታየው በኋላ ነው። የሒሳብ ጥያቄ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በሦስት መስመር ዐረፍተ ነገር መቅረብ ሲጀምር፣ የሳይንስ መጽሐፍ ስለ ትነትና ስለ ጠጣር ነገሮች በሥነ ጽሑፍ ዐረብኛ ማብራራት ሲጀምር፣ በጎዳና የለመደው ዐረብኛ አይበቃውም። በነገራችን ላይ ይህ ችግር የኢትዮጵያዊው ልጅ ብቻ አይደለም፤ የሳዑዲው ልጅም በቤቱ የሚናገረው የባሕረ ሰላጤ ዐረብኛ ከመጽሐፉ ፉስሓ የራቀ ነው። ኢትዮጵያዊው ግን ሁለት ደረጃ መውጣት አለበት፤ ከአማርኛ ወደ ጎዳናው ዐረብኛ፣ ከዚያም ወደ መጽሐፉ።

የመላው አገር ውጤት እንደሚያሳየው ደረጃው ለአገሬው ልጆችም ከባድ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ ፒሳ በተባለው የ15 ዓመት ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ምዘና ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ2018 በንባብ 399፣ በሒሳብ 373 ነጥብ አግኝታለች። በ2022 ሒሳቡ ወደ 389 ከፍ ሲል ንባቡ ወደ 383 ወርዷል። በዚያው ዓመት በምጣኔ ሀብት ትብብርና ልማት ድርጅት አባል አገሮች የንባብ አማካይ 476 ነበር። በሌላ በኩል ቲምስ በተባለው ምዘና የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት በ2015 ከነበረበት 368 በ2019 ወደ 394 አድጓል። ሒሳብ እየተሻሻለ ንባብ ወደ ኋላ የሚቀርበት ሥርዓት ደግሞ ቋንቋው የራሱ ላልሆነ ልጅ ይበልጥ ይከብዳል።

በ2018ቱ ምዘና ሌላም ትኩረት የሚስብ ነገር ታይቷል። የሳዑዲ ሴቶች ልጆች በንባብ ወንዶቹን በ54 ነጥብ በልጠዋል፤ ይህም እጅግ ሰፊ ከሚባሉት ልዩነቶች አንዱ ነው። ከ1960 በፊት የመንግሥት ትምህርት ቤት ያልነበራቸው ሴቶች ልጆች ዛሬ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብም ይህ ትርጉም አለው፤ ወንዱን አገር ቤት ልኮ ሴቷን ማስቀረት፣ ወይም በተቃራኒው፣ በየቤቱ የሚነሳ ሐሳብ ነውና።

ከ2022 ገደማ ወዲህ የትምህርትና ሥልጠና ምዘና ኮሚሽን ናፊስ የተባለ ብሔራዊ ፈተና ለሦስተኛ፣ ለስድስተኛና ለዘጠኛ ክፍል ተማሪዎች ይሰጣል። ወላጅ የሰፈሩ ትምህርት ቤት በንባብና በሒሳብ የት ላይ እንዳለ ለማወቅ ከጎረቤት ወሬ የተሻለ ምንጭ አገኘ ማለት ነው። ሌላው ጠቃሚ ለውጥ በ2019 የተጀመረው የለጋ ሕፃናት ትምህርት ቤት አሠራር ነው፤ በዚህ አሠራር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ወንዶች ልጆች በሴት መምህራን ይማራሉ። አባት ሥራ ላይ ሲውል እናት ወደ ወንድ ልጇ ትምህርት ቤት ገብታ ከኡስታዛዋ ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር ቀሏታል። ዐረብኛው የተሰባበረ ቢሆንም ልጁ ከመሐል ሆኖ ማስተርጎሙ ቀርቶ ሁለት አዋቂዎች በቀጥታ ይግባባሉ። ልጅ ስለ ራሱ ጥፋት ለእናቱ ሲያስተረጉም ምን ያህሉን እንደሚያስቀር መገመት አያዳግትም።

አንደኛ ክፍልን በስልክ የተማሩት

ወረርሽኙ ይህንን ክፍተት ያሰፋው እንዲህ ነው። የኮሮና ተሕዋሲ መዛመት በታወቀ ጊዜ በመጀመሪያ የተዘጋችው በዚሁ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ቀጢፍ ናት። ወዲያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። መንግሥት መድረሰቲ፣ ማለትም «ትምህርት ቤቴ»፣ የተባለውን የኢንተርኔት መድረክ ከፈተ፤ ዐይን በተባሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ትምህርቱ ይተላለፍ ነበር። የሁለተኛ ደረጃና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ክፍላቸው የተመለሱት በነሐሴ 2021 ነው። የአንደኛ ደረጃዎቹ ግን እስከ ጥር 2022 ድረስ ከቤት አልወጡም።

በነሐሴ 2020 አንደኛ ክፍል የተመዘገበ ልጅ እንግዲህ የክፍሉን ወንበር ያየው ሁለተኛ ክፍልን ሲያጋምስ ነው። ዐረብኛ የሚነበብበት ቤት ያለው ልጅ ከጎኑ እናቱ ተቀምጣ ፊደሉን ታስጽፈው ነበር። አማርኛ የሚነገርበት ቤት ልጅ ግን ከአንድ ስልክ፣ ምናልባትም ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ከሚጋራው አንድ ስልክ፣ ፊት ብቻውን ተቀመጠ። ከሌላው ጊዜ ይልቅ የጎደለው ደግሞ ጨዋታው ነበር። ልጅ ቋንቋን ከመምህሩ ይልቅ የሚለምደው በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ሲሯሯጥ ነው። ያ ሁለት ዓመት ገደማ ሲጠፋበት ወደ ጎዳናው ዐረብኛ የሚወጣበት የመጀመሪያው ደረጃም ጠፋ። እነዚህ ልጆች በ2025/26 የትምህርት ዘመን ስድስተኛ ክፍል ደርሰው ሙተወሲጥ ወደሚባለው የመካከለኛ ደረጃ በር ላይ ቆመዋል።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ

ከኾበር በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ በዘህራን ኮረብታ ላይ፣ በ1963 የተመሠረተው የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና የማዕድን ዩኒቨርሲቲ ይታያል። በደማም ደግሞ የኢማም ዐብዱረሕማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚህ አካባቢ ያደገ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሕንፃዎቹን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ለመግባት ግን እንደ ሳዑዲው ወጣት ቁዱራትና ተሕሲሊ የተባሉትን ፈተናዎች በከፍተኛ ውጤት ማለፍ ብቻ አይበቃውም፤ ለውጭ አገር ዜጎች በነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጡት ቦታዎች ውስን በመሆናቸው ከብዙ አገር ወጣቶች ጋር ይወዳደራል። ወንድ ልጅ ሃያዎቹን ሲጀምር በአባቱ ኢቃማ ሥር ለመቆየት ተማሪ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ወጣት ስለዚህ ያጣው ትምህርቱን ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሌላው መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ይወስዳል። ይህም መንገድ ጠባብ ሆኗል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር ከተፈተኑት ከ896 ሺሕ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክስና ኬሚስትሪን በዐረብኛ የተማረ ልጅ ትምህርቱን ቢያውቀውም ጥያቄውን ላያውቀው ይችላል። አማርኛውንም ቢሆን ይናገረዋል እንጂ ፊደሉን ያልቆጠረ ከሆነ ሊያነበውና ሊጽፈው አይችልም።

ይህን አስቀድመው የተረዱ ወላጆች ፊደል በቤታቸው ያስቆጥራሉ። ሀ ሁ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ዐርብና ቅዳሜ ዕረፍት በመሆናቸው ከሁለቱ ቀናት አንዱ ለአማርኛ ይሆናል። ቤተሰቦች ተሰባስበው ልጆቻቸውን በየተራ ቢያስተምሩ ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ የሚጠይቀው ጽናት ብቻ ነው። ልጁ እስከዚያው ድረስ ለአያቱ በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ቢጽፍ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እንደ ሼኽ ጦልሓ ጃፈር ያሉ ዑለማኦች የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ትተዋልና።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ የቅርቡ ለውጥ ለልጆቹ ይጠቅማል። በሳዑዲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መሰጠት የጀመረው በ2021/22 ነው፤ ቀድሞ የሚጀመረው ከአራተኛ ክፍል ነበር። (ከ2024 ጀምሮ ምሥራቃዊውን ክፍለ ሀገር ጨምሮ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ቻይንኛም ገብቷል፤ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ አራተኛ ቋንቋ ተጨመረበት ማለት ነው።) ይሁንና አንድ የትምህርት ዓይነት ሆኖ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ እንግሊዝኛ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ከሚሰጥበት የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ጋር አይተካከልም።

መመለስ ካለበት መቼ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የሳዑዲ ሥርዓት ስድስት፣ ሦስት፣ ሦስት ሲሆን ሙተወሲጥ የሚያበቃው በዘጠነኛ ክፍል ነው። የኢትዮጵያ አዲሱ አወቃቀር ግን ስድስት፣ ሁለት፣ አራት በመሆኑ ሁለተኛ ደረጃ ከዘጠነኛ ይጀምራል። ሙተወሲጥን ጨርሶ የሚሄድ ልጅ አሥረኛ ክፍል ይገባል፤ ጓደኞቹ በእንግሊዝኛ የጀመሩትን ዓመት አልፎታል። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሶ የሚሄደው ደግሞ አማርኛውን ለማደርጀት ሁለት ዓመት፣ ለእንግሊዝኛው አራት ዓመት ያገኛል፤ በአንጻሩ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከእናትና ከአባቱ ይለያል። አሥራ ሁለተኛን ደማም ጨርሶ መመለስ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይመስላል፤ የሚመረጠው ግን ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ ወላጅ ልጁን መለየት አይሆንለትምና።

የሚላክበት ቦታም እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በዘለቀው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ልጁን ወደ አያቶቹ መንደር ሊልክ ያሰበ አባት ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ለማዞር ይገደዳል። በዚያ ዐረብኛውን እንዳይረሳ እንደ አወሊያ ዐረብኛና የዲን ትምህርት ከመደበኛው ጋር የሚሰጥባቸውን ትምህርት ቤቶች የሚመርጡ አሉ። ይህ ግን ለልጁ ማደሪያ የሚሆን ዘመድ፣ አለዚያም የቤት ኪራይ ይጠይቃል። 19,200 ሪያሉ ቀርቶ በምትኩ ሌላ ሒሳብ ይመጣል።

ወረቀቱም ጊዜ ይፈልጋል። የሳዑዲ የትምህርት ዘመን በሰኔ ግድም ሲያበቃ የኢትዮጵያው በመስከረም ይጀምራል። በመካከሉ ያለው ክረምት ነው። የልጁ የክፍል ውጤት በሳዑዲ ትምህርት ሚኒስቴርና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ በሪያድ ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይሄዳል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ሲደርስ ተተርጉሞ የአቻነት ግምት እንዲሰጠው ለትምህርት መሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። የመውጫ ቪዛው በልጁ ላይ ከተመታ በኋላ የጎደለ ማኅተም ቢገኝ ልጁ ሄዶ ወረቀቱ ደማም ይቀራል። ስለዚህ ውጤቱ ኑር ላይ በወጣበት ሳምንት የደማም አባት ከአሠሪው የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ የሪያድን መንገድ ይይዛል።